ዳባ የለበሰ ጆሮ

አዲስ አበባ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

«ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጀምር፣ የእሁዱ ልቅሶሽ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ስናገር ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስትናገሪ ሳግ ይተናነቅሻል፤ በመጨረሻም ሒሳብሽ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ልደውል ስልኩን አነሳሁና ተውኩት። በልቅሶ መሀል የሚነገር ነገር አይያዝም። ወረቀት ይሻላል። ሲበርድልሽ ታነቢዋለሽ፣ ማታ ልጅሽ ማሙሽ ሲተኛ ደግሞ እንደገና ታነቢዋለሽ። ነገ አስተርእዮ ማርያም ናት፤ ጎረቤቶቼ ለበዓሉ ወደ እናንተ ደብረ ብርሃን ስለሚመጡ በእነሱ እጅ እልከዋለሁ።

ጎረቤቶችሽ እንደ ለቅሶ ቤት ተሰብስበው «እግዜር ያጥናሽ» ማለታቸውን ነግረሽኛል። ለደግነታቸው እግዜር ይስጣቸው፤ እኔ ግን እንደዚያ አልልሽም። የሞተ የለም። ሐኪሙ የማሙሽን ጆሮ አይቶ «ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ አለ» አለ፤ ሠፈሩ «ደንቁሯል» ብሎ ሰማው። የሰው ወሬ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲሄድ እንዲህ ነው። እኔ 30 ዓመት ሙሉ ከአንገት በላይ ክፍል በነርስነት ስሠራ የሁለቱን ቃላት ልዩነት አይቻለሁና እመኚኝ።

ልቅሶሽን ሳዳምጥ ደግሞ አንድ ነገር ገባኝ። የምታለቅሺው ለጆሮው ብቻ አይደለም። ሦስት ጊዜ ደጋግመሽ ያልሽው «መታሁት እኮ፣ አክስቴ» ነበር። ከኋላው ሆነሽ «ጫማህን አድርግ» አልሽው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጦ ቀረ። ደግመሽ ጠራሽው። በሦስተኛው ነጠላ ጫማሽን አወለቅሽ። ዞሮ አየሽና «እማዬ፣ አልጠራሽኝም እኮ» ሲልሽ፣ ይባስ ብሎ ይዋሻል ብለሽ ጨመርሽለት። በማግስቱ ሐኪሙ በመብራቱ ጆሮውን አይቶ የሆነውን ነገረሽ። እንቅልፍ የነሳሽ ያ ነጠላ ጫማ ነው፤ ስለዚህ እኔም ከእሱ ብዙ አልርቅም።

መምህርቱም «ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል» ብላ ደብተሩ ላይ ጽፋ ልካልሽ ነበር። ዳባን የዛሬ ልጅ አያውቀውም፤ ድሮ ገበሬና መናኝ የሚደርበው ቆዳ ነበር። አባባሉ የተነገረው እያወቀ፣ ጆሮውን ሸፍኖ፣ አልሰማሁም ለሚል ሰው ነው። መምህርቱ ልታሽሟጥጥ ብላ ሳታውቀው እውነቱን ነካችው። የማሙሽ ሁለቱም ጆሮዎች በእርግጥ ዳባ ለብሰው ነበር። የደረበው ግን እሱ አይደለም።

ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ሰውን ሌሊት የሚያስጨንቀው ያላወቀው ነገር ነው። የጆሮን ቀዳዳ ተከትለሽ ብትገቢ መጨረሻው ላይ በስስ ቆዳ ተወጥሮ ተዘግቷል። ታምቡር የሚባለው ይህ ነው፤ ስም አውጪው አልተሳሳተም። ከታምቡሩ ጀርባ አየር የሞላበት ጠባብ ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ተያይዘው ተንጠልጥለዋል። ሐኪሞች በመልካቸው መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ይሏቸዋል። እርካቧ ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ ትንሿ ናት፤ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ድምፅ ሲመጣ ታምቡሩ ይርገበገባል፣ መዶሻው መስፉን፣ መስፉ እርካቧን ይነካል፣ እርካቧ ደግሞ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ትገፋዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው የነርቭና የአንጎል ሥራ ነው። ይህ ሁሉ በሚገባ የሚሠራው ክፍሉ አየር ሲኖረው ብቻ ነው። ከበሮ የሚጮኸው ሆዱ ባዶ ስለሆነ አይደል? ውሃ ቢሞላበት ማንም መዘምር አያስጮኸውም። የልጅሽ ከበሮ ፈሳሽ ገባበት እንጂ አልተቀደደም። መቺውም፣ ሰሚውም ነርቭ በቦታው ነው።

ያ አየር የሚገባው ከአፍንጫ ጀርባ ተነስቶ ወደ ጆሮ በሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ በኩል ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረው ኢጣሊያዊ ሐኪም ባርቶሎሜዮ ኤውስታኪ ስለጻፈበት እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። አንቺም ሳታውቂው ታውቂዋለሽ። ጣርማ በርን አልፈሽ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ ጆሮሽ ድፍን ይላል፤ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው ከሩቅ የሚያወራ ይመስልሻል፤ ምራቅሽን ስትውጪ ቷ ብሎ ይከፈታል። የተከፈተው ቱቦው ነው። በእኛ በትልልቆቹ ረዘም ያለና ቁልቁል የተዘረጋ ነው፤ በልጅ ግን አጭርና ጋደም ያለ ነው። ጉንፋን ሲይዘው ያብጥና ይዘጋል። ሰው የአፍንጫ ሥጋ የሚለው አዴኖይድም በዚያ ዕድሜ ትልቅ ስለሆነ በሩ ላይ ይጋረጣል። አየር ሲቀርበት የክፍሉ ግድግዳ ፈሳሽ ያመነጫል። መጀመሪያ እንደ ውሃ ቀጭን ነው፤ ሲቆይ ተዘፍዝፎ ያደረ ተልባ ይመስላል፤ ሲብስበት ሙጫ ይሆናል። እንግሊዞች ነገሩን ሳያሳምሩ «የሙጫ ጆሮ» ይሉታል።

አሁን ያ የጣርማ በር ድፍንታ ሸዋ ሮቢት ደርሰሽም ሳይለቅሽ፣ ምራቅ ብትውጪ፣ ብታዛጊ እምቢ ብሎ፣ ለሳምንታት አብሮሽ ሲኖር አስቢው። የማሙሽ ኑሮ እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ አያምም። ስለማያምም አያለቅስም፣ ጆሮዬን አይልሽም። የ5 ዓመት ልጅ «መስማቴ ቀንሷል» ብሎ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ድምፁን የቀነሰ ይመስለዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? አበው ይህን የተናገሩት ለሐሜት ነው፤ እኔ ግን በሥራዬ ላይ ቃል በቃል ሲፈጸም ያየሁት በልጆች ላይ ነው።

ምን ያህል ይጎድለዋል ብትዪኝ፣ እንዲህ ያለ ጆሮ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ዴሲቤል ያህል ያጣል። ሹክሹክታ በጠቅላላው 30 ገደማ ነው፤ ፊት ለፊት የሚደረግ ተራ ጨዋታ 60 ይደርሳል። እንግዲህ ሹክሹክታው ይጠፋል፣ ጨዋታው ሹክሹክታ ይሆናል። ሁለት ጣቶችሽን ጆሮሽ ውስጥ ሰክተሽ ዜና አድምጪ። ቃላቱ ይመጣሉ፤ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉ በትንፋሽ የሚወጡ ድምፆች ግን ይበላሉ። በጥምቀት ዕለት ከመዘምራኑ ከበሮ ሥር አልነሳ ብሎ ሲስቅ እንደዋለ አጫውተሽኝ ነበር። «የማይሰማ ልጅ እንዴት ከበሮ ይወዳል?» ብለሽ ግራ ገባሽ። ከበሮ በደረትም ይሰማል፣ ልጄ። ምናልባት ያን ቀን ከሰማው ሁሉ ሳይቀናነስ የደረሰው እሱ ነበር።

ሌላውን ሁሉ ብትረሺ የሚቀጥለውን አትርሺ። ይህ ፈሳሽ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጉንፋኑ ሲለቀው ይጎድላል፣ ሌላ ጉንፋን ሲይዘው ይሞላል፤ አንዱ ጆሮ ሲሻለው ሌላው ይብስበታል። ሰኞ በሹክሹክታ የጠራሽው ልጅ ዞሮ «አቤት» ይልሻል፤ ሐሙስ ጮኸሽ የጠራሽው ልጅ ግድግዳ ይሆንብሻል። ጨርሶ የማይሰማ ቢሆን ኖሮ በ2 ቀን ትደርሺበት ነበር፤ ማንም እናት ትደርስበታለች። አንቺን ያሳተሽ መስማቱ ነው። አንዴ የሰማ ልጅ በሌላ ቀን ዝም ሲል፣ ማንም ሰው ቢሆን እልኸኛ ነው ከማለት ሌላ ምን ይላል?

«ከረሜላ ሲባል ግን ይሰማል» ብለሽኛል። እኔም ይህን ከስንት እናት ሰምቻለሁ! አየሽ፣ ከረሜላ ስትሰጪው ፊት ለፊቱ ነሽ፤ አፍሽን ያያል፣ እጅሽን ያያል፣ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ያያል። ደግሞም የሚጠብቀው ነገር ስለሆነ የጎደለውን ቃል ልቡ ይሞላዋል። «ጫማህን አድርግ» የተባለው ከኋላው፣ ከጓዳ በር፣ ቴሌቪዥን እየጮኸ ነው። በመምህርቱም ክፍል፣ 50 ልጅ በሚንጫጫበት፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞራ የምታነበውን እንዲሰማ ነበር የተፈለገው። እየመረጠ የሚሰማ ያስመሰለው ይህ ነው።

የራሴን ልንገርሽ፤ ለሰው ነግሬው አላውቅም። ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመት፣ አንዲት እናት የ4 ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። «አትሰማኝም» አለች። ሰልፉ እስከ ግቢው በር ነበር፤ ደክሞኛል። የልጅቱን ጆሮ አየሁ፤ መግል የለም፣ ታምቡሩ አልተበሳም። ስሟን ጠራሁ፣ ዞረች። «እናቴ፣ ልጅሽ ጤነኛ ናት፤ እልኸኛ ናት እንጂ። አታሞላቅቂያት» ብዬ ሐኪሙ ጋር ሳላስገባት መለስኳት። ከ8 ወር በኋላ ተመልሳ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ራሱ አያትና «ነይ ተመልከቺ» ብሎ መብራቱን ሰጠኝ። ታምቡሩ እንደ ፈዘዘ ብርሌ ሆኗል፤ ከጀርባው ብጫ ፈሳሽና የአየር አረፋ ይታያል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናትየው ግን አልተቆጣችኝም። «እኔም እኮ እልኸኛ ናት ብዬ ነበር፣ እህቴ» ነው ያለችኝ። መብራቱን በእጄ ይዤ፣ ተምሬ፣ ደመወዝ ተከፍሎኝ ያላየሁትን፣ አንቺ ጫማ እያስደረግሽ፣ ምሳ እየቋጠርሽ፣ ሥራ ሊረፍድብሽ ሲል እንድታዪ የሚፈርድብሽ ማነው?

ሌላም ራስሽን የምትወቅሺበትን ሰምቻለሁ። የጥምቀት ጸበል ጆሮው ገባ ብለሽ፣ ሳልሸፍነው የደብረ ብርሃን ብርድ መታው ብለሽ፣ ገላውን ሳጥበው ብለሽ። ከነዚህ አንዱም አይደለም። ጤነኛ ታምቡር ውሃ አያሳልፍም፤ ከውጭ የገባ ጸበልም ሆነ የገላ ውሃ ከጀርባው ሊደርስ አይችልም። ብርዱም ለብቻው ይህን አያመጣም፤ የሚያመጣው ጉንፋኑ ነው፣ ጉንፋን ደግሞ ልጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ አለ። ጡት ያልጠቡ፣ በጀርባቸው ተኝተው በጡጦ የሚጠጡ፣ ሲጋራ በሚጨስበት ቤት የሚያድጉ ልጆች ይበልጥ ይጋለጣሉ። አንቺ 2 ዓመት ሙሉ አጥብተሽዋል። ሳሎን ተቀምጦ ለሚያጨሰው ለባለቤትሽ ወንድም ግን ከብዙ ሰላምታ ጋር ንገሪልኝ፤ ደጁ ሰፊ ነው። ከሰሉንም ልጁ ከሚተኛበት አርቂው። ከዚህ በላይ ምክንያት ፍለጋ አትቆፍሪ። በሚገባ በተጠናባቸው አገሮች ከ10 ልጆች 8 ያህሉ 10 ዓመት ሳይሞላቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይህ ይገጥማቸዋል። መጥተው «እግዜር ያጥናሽ» ካሉሽ ሴቶች ልጆች ውስጥ ስንቱን ይዞት፣ ማንም ሳያውቅ ለቆት ይሆን?

ሐኪሙ መድኃኒት ሳይጽፍ «ከ3 ወር በኋላ ተመለሺ» ማለቱ ንቀት መስሎሻል። ያዘንሽበት አንዱ ይህ ነው፤ እኔ ግን ስሰማው ደስ አለኝ። የሚያውቅ ሰው እጅ ላይ ወድቀሻል። ትኩሳትና ሕመም ያለው የጆሮ ኢንፌክሽን ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ዓይነቱ ፈሳሽ ግን አሞክሲሲሊኑም፣ የአለርጂ ክኒኑም፣ የአፍንጫ መክፈቻውም ይህ ነው የሚባል ዘላቂ ጥቅም እንደማይሰጡ በብዙ ልጆች ላይ ተሞክሮ ታይቷል። የስቴሮይድ መድኃኒት እንኳን በ2018 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ታትሞ በወጣ ትልቅ ጥናት ያስገኘው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የጆሮ ጠብታም ባልተበሳ ታምቡር አያልፍም። በአንጻሩ፣ ዝም ተብለው ክትትል ከሚደረግላቸው ልጆች ግማሽ ያህሉን በ3 ወር ውስጥ በራሱ ይለቃቸዋል፤ በዓመት ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ ይድናሉ። እንግዲህ ቁጠሪው፤ ፋሲካ በዋለ ማግስት፣ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ነው የምትመለሺው። ያ ቀን ግን እንዳያልፍሽ። እኔ የምፈራው መጠበቁን ሳይሆን ሲቆይ የሚመጣውን ቸልታ ነው።

አማትሽ በደግነት ያሉሽን ደግሞ በደግነት እምቢ በይ። የሞቀ ዘይት አይንካው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ የጡት ወተት አይጨመርበት። በክብሪት እንጨት አይጎርጎር። እንጥሉን ይቆረጥ የሚለውንማ አልሰማሁም በይ፤ አንቺም አንዴ ጆሮ ዳባ ልበስ በይ። እንጥል ከጆሮው ፈሳሽ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ በምላጭ ተቆርጠው ደም አልቆም ብሏቸው የመጡ ሕፃናትን በእጄ ይዣለሁ። እሳቸው ቢቀየሙ ቅዳሜ መጥቼ እኔ ይቅርታ እጠይቅልሻለሁ።

እስከ ሚያዝያ ያለው ሥራ የመድኃኒት ሳይሆን የአነጋገር ነው። ከጓዳ አትጥሪው። ሂጂና ትከሻውን ንኪ፣ እስኪያይሽ ጠብቂ፣ ከዚያ ተናገሪ። ጩኸት አያስፈልግም፤ ጩኸት ፊትን የተቆጣ ያስመስላል፣ እሱም ቁጣውን አይቶ ቃሉን ይስታል። ቴሌቪዥኑ ሲነገረው ይጥፋ። ማታ ተረት ስታወሪለት ጭንሽ ላይ አስቀምጪው፤ የአንድ ክንድ ርቀት ከሁሉ መድኃኒት ይበልጣል። በዚህ ዕድሜ ቃል የሚለምደው በመስማት ስለሆነ፣ በክፍል ያጣውን በቤት ታሟይለታለሽ። ለመምህርቱ ደግሞ ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ለጠብ አይደለም። ፊት ወንበር ታስቀምጠው፣ ስትናገር ወደ እሱ ትዙር፣ «ገባህ?» ብላ ከመጠየቅ «ምን አልኩህ?» ትበለው። ልጆች ባይገባቸውም «እሺ» ማለት ያውቃሉ።

ሚያዝያ ላይ ፈሳሹ ካልለቀቀው ወይም መስማቱ ካላማረሽ የመስማት ምርመራ ይደረግለት። ይህን የምልሽ ሁለት ነገር ስለሚለይ ነው፤ ፈሳሹ ያመጣውን የመስማት ጉድለት ልክ ያሳያል፣ የነርቭ ችግርም ካለ ያጋልጣል። የነርቩ ነገር ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ነገር ግን ሳይለካ የለም አይባልም፣ እኔም አልዋሽሽም። ሌላ መሣሪያ ደግሞ አለ፤ ጆሮው ላይ ለስላሳ ጎማ ገጥመው አየር ገፋ መለስ ያደርጉበታል። ታምቡሩ ከተንቀሳቀሰ መሣሪያው ላይ የሚወጣው መስመር ተራራ ይሠራል፤ ፈሳሽ ካለ ሜዳ ይሆናል። አያምም፣ ደቂቃም አይፈጅም። እዚያ ካልተገኘ ሪፈር አጽፈሽ ነይ፤ ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም ከአንገት በላይ ክፍል አላቸው፤ ቤቴ ደግሞ ቤትሽ ነው።

ውጭ አገር አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ ልጁ በአንድ አፍንጫው ለዚሁ የተሠራ ፊኛ እየነፋ ቱቦውን በግድ ይከፍታል። በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሞ በወጣ የብሪታንያ ጥናት በ320 ልጆች ላይ ሲሞከር፣ በቀን 3 ጊዜ ከነፉት መካከል በወር ውስጥ ከ100ው 47ቱ ደህና ሆኑ፤ ካልነፉት 36ቱ። ልዩነቱ አለ፣ ተአምር ግን አይደለም። ካላገኘሽው አይቆጭሽ፤ የልደት ፊኛም ገዝተሽ አፍንጫው ላይ እንዳትሞክሪ።

ኦፕሬሽን የሚለው ቃል እንደሚያስደነግጥሽ አውቃለሁ። ቢመጣ እንኳ ምን እንደሆነ እወቂው። ልጁን ሙሉ ማደንዘዣ ሰጥተው ያስተኙታል፤ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ታምቡሩን በጥቂቱ ይቀድና ሙጫውን ይመጠዋል፤ በቀዳዳው ላይ የክር በከራ የምትመስል፣ ከምስር ቅንጣት የማትበልጥ ቱቦ ይሰካል። ግሮሜት ትባላለች። አየር በእሷ በኩል ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ቆይታ በራሷ ትወድቃለች፣ ታምቡሩም ይደፈናል። ልጆች በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ታሪኩ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በቪየና የነበሩትን እንደ አዳም ፖሊትሰር ያሉ ሐኪሞች ያስቸገራቸው ታምቡሩ ቶሎ መዳኑ ነበር። ይበሱታል፣ ተመልሶ ይደፈናል፤ ቀዳዳውን ክፍት ለማቆየት ያልሞከሩት የለም። በ1954 እ.ኤ.አ. አርምስትሮንግ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የፕላስቲክ ቱቦ ሰክቶ ተገላገለ። አንቺ የተሰበረ የመሰለሽ ቆዳ፣ ሐኪሞችን መቶ ዓመት ያስቸገረው እምቢ አልሰበርም ብሎ ነው።

ቱቦዋ የገባላቸው ልጆች ከክፍሉ ሲወጡ ያየሁትን አልረሳም። አንዱ ልጅ የእናቱን ነጠላ ይዞ ቆሞ ኮሪደሩ ላይ የሚያልፈውን ጋሪ ጎማ ያዳምጥ ነበር። ጎማው ይንጫጫል፤ እኛ ለዓመታት የሰለቸን ድምፅ ነው። እሱ ግን እስኪያልፍ ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

ተመልሶ ሊይዘው ይችላል፤ ያን ሳልነግርሽ ላልፍ አልችልም። ክረምት ሲገባ፣ ጉንፋን ሲደጋገም ፈሳሹም ይደጋገማል። ያኔ አሁን የምታውቂውን ታውቂያለሽ፤ ዝም ሲልሽ መጀመሪያ የምታስቢው ጆሮውን ይሆናል። አብዛኞቹ ልጆች 7፣ 8 ዓመት ሲሞላቸው ቱቦው እየረዘመ፣ አዴኖይዱ እየከሳ ይተዋቸዋል። በመሀል ትኩሳትና ከባድ ሕመም ከመጣበት፣ መግል ከፈሰሰው ወይም ከጆሮው ጀርባ ካበጠ ግን ሚያዝያን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሂጂ።

ስለ ነጠላ ጫማው አንድ ነገር ልበልና ልጨርስ። በእኛ ወግ እናት ልጇን ይቅርታ አትጠይቅም፤ የእኔ እናትም ጠይቃኝ አታውቅም፣ የአንቺም። አንቺ ግን ጠይቂው። ዝቅ ብለሽ፣ ፊትሽ ከፊቱ ጋር እስኪስተካከል ተንበርክከሽ፣ «ያን ቀን አልሰማህም ነበር፤ እኔ አላወቅኩም» በይው። ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። ከንፈርሽን እያየ ስለሚሰማሽ ግማሽ ቃሉ እንኳ አይጠፋበትም። ምናልባት እሱ ረስቶታል፤ ምናልባት ሳትጠሪው የመታሽው ለምን እንደሆነ እስካሁን እያሰበ ነው። «አልጠራሽኝም» ያለሽ እውነቱን ነበር፤ እውነቱን መናገሩን ካንቺ አፍ ይስማ።

ቅዳሜ በማለዳው መኪና እመጣለሁ። ያረጀውን የጆሮ መብራቴን ባትሪ ቀይሬለታለሁ፤ ዓይኔ እንደ ድሮው ባይሆንም አንድ ብጫ ታምቡር ማየት አያቅተውም። ምሳ ሳንበላ ማሙሽ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቁም፤ እኔ አንድ ክንድ ያህል ርቄ ስሙን በሹክሹክታ እጠራዋለሁ፣ ድሮ በክፍላችን እንደምናደርገው። አንቺ እንዳትነግሪው። ከረሜላ ይዣለሁ፤ ቢዞርም ባይዞርም እሰጠዋለሁ።

አክስትሽ